እባክዎ ግዴታ ያድርጉብን

የቦርድ አባል የሆንኩት አፌን መዝጋት ስላልቻልኩ ነው። በልጄ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ እጄን አውጥቼ «የፓርኪንጉ ነገር ቢታሰብበት» አልኩ። ሰው አጨበጨበ። ሊቀ መንበሩ «እንዲህ የሚቆረቆር ሰው ነበር ያጣነው» አሉና እዚያው አስመረጡኝ። ፓርኪንጉ ዛሬም አልታሰበበትም።

ትምህርት ቤቱ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ድሮ ፍራሽ ይሸጥበት የነበረ ቤት ነው። በአንድ በኩል ጎማ ቤት፣ በሌላ በኩል የጥፍር ሳሎን አለ። ልጆቹ ሒሳብ የሚማሩት ጎማ ሲነፋ እየሰሙ፣ ንባብ የሚማሩት የጥፍር ቀለም እያሸተቱ ነው። ቻርተር ትምህርት ቤት የሚሉት ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ የመንግሥት ሆኖ የሚያስተዳድረው እንደኛ ያለ የወላጆችና የአገር ሽማግሌ ቦርድ ነው። ከላይ ሆኖ የሚቆጣጠረው ደግሞ የካውንቲው፣ እንደኛ አገር የወረዳው በሉት፣ የትምህርት ቢሮ ነው። ቢሮው በየተወሰነ ዓመት ፈቃዱን ያድስልናል። ካላደሰው በሩ ይዘጋል፤ ልጆቹም ወደየሰፈራቸው ትልልቅ ትምህርት ቤት ይበተናሉ።

ይህ መበተን የሚሉት ነገር ነው እንቅልፍ ይነሳኝ የነበረው። ልጄ አትናገርም ነበር። ሐኪሙ ጆሮዋንም ጉሮሮዋንም አይቶ ምንም የለባትም አለ። መጀመሪያ የገባችበት ትልቅ ትምህርት ቤት አንዲት ቃል ሳይወጣት ዓመቱ አለቀ። እያደር ቤት ውስጥም ባሰባት፤ በጆሮዬ ሹክ ከማለት በቀር ድምፅ አልነበራትም። ይህን ለሰው ሳወራ የሚሰማኝ አልነበረም። ቤተ ክርስቲያን የማገኛቸው እናቶች «እንዴት ያለች ጨዋ ናት! ምነው የኔዎቹ እንደሷ በሆኑ» ይሉኛል። እናቴ በስልክ «ዝም አይነቅዝም፤ ተያት» ትለኛለች። በኛ ዘንድ ዝምተኛ ሴት ልጅ ትመረቃለች እንጂ አትታከምም።

እዚህ ፍራሽ ቤት ካስገባኋት በኋላ አፏን ያስከፈቷት ዳይሬክተሯ ናቸው። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬ ጠዋት ጠዋት ቢሯቸው አይገቡም ነበር። ኮሪደሩ ላይ፣ የልጆቹ ኮት ከሚሰቀልበት አጠገብ፣ በሕፃን ወንበር ላይ ጉልበታቸውን አጥፈው ይቀመጣሉ። ልጄን አንድም ነገር አይጠይቋትም። ሥራቸው ኮት እያነሱ ያለ ቦታው መስቀል ነው። የአንዱን ልጅ ኮት በሌላው ልጅ ስም ሥር ይሰቅሉና «አዎ፣ እዚህ ነው የዚህ ቦታ» ይላሉ ለራሳቸው። ልጄ ደግሞ ሥርዓት ወዳድ ናት፤ ጫማዎቿ ጎን ለጎን ካልተቀመጡ አትተኛም። ይህን በደል ከሳምንት ሳምንት በዝምታ ስታይ ቆይታ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አለቀ። «ኖት ኸርስ! የሷ አይደለም!» ብላ ጮኸች። እትዬ ሳይገረሙ «ውይ፣ ይቅርታ። ታዲያ የማን ነው?» አሏት። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ስለ ኮት ይከራከሩ ጀመር። ከኮት ወደ ምሳ ዕቃ፣ ከምሳ ዕቃ ወደ ሌላው ነገር ሁሉ ተሻገሩ። ቤትም ድምፅ መጣ። መታጠቢያ ቤት ሆና ለራሷ ስታወራ የሰማሁ ዕለት ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ከካውንቲው ቢሮ አዲስ የመመሪያ ጥራዝ ሲመጣ ነው። ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ቀጭን ነው፤ ትምህርት ቤቶች በግዴታ የሚፈጽሙት ይላል። ሁለተኛው ወፍራም ነው፤ በፈቃደኝነት ቢከተሉት የሚመከረው ይላል። ቦርዳችን ውስጥ እዚህ አገር ያደገ አንድ የአይቲ ባለሙያ አለ። ጥራዙን ገለጥ ገለጥ አደረገና «ጋይስ፣ ሲምፕል ነው። ግዴታውን ኮምፕሊት እናደርጋለን፣ ኦፕሽናሉን ስኪፕ እናደርገዋለን። ዳን!» አለ።

ሊቀ መንበራችን መነጽራቸውን አወለቁ። አገር ቤት ብዙ ዘመን ያስተማሩ፣ እዚህ መጥተው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጋሼ እንላቸዋለን።

«አንተ እዚህ ነው ያደግኸው፤ አይፈረድብህም» አሉት። «ግዴታ የተባለ ነገር የጎዳውን ሰው እኔ አላውቅም። ግዴታ ቀን አለው፣ መቀጫ አለው። መቀጫህን ከፍለህ ትገላገላለህ። መፍራትስ በፈቃደኝነት ሲሉህ ነው! በፈቃደኝነት የወር ደመወዝ፣ በፈቃደኝነት ሰልፍ… ሰልፉን የቀረ ሰው አይቀጣም እኮ። ይጠየቃል። ‹ለምን ፈቃደኛ አልሆንክም?› ይባላል። ለዚህ ምን ብለህ ትመልሳለህ?»

በዕድሜ ጠና ያልነው ሁላችን ራሳችንን ነቀነቅን። ውሸት አልነበረም። እድራችንን ብታዩ ስብሰባ መገኘት ግዴታ ነው፤ ስለዚህም ማንም አይገኝም፣ መቀጫውን በዘመድ እጅ ይልካል። «የቻላችሁ ብቻ ኑ» የተባለ ጊዜ ግን አዳራሹ ሰው አይችለውም፤ ማን እንደቀረ የሚያይ ዓይን አለና። የአይቲው ሰው «ዲስ ኢዝ ሜሪላንድ» አለ። «ለዚህ ነው እኮ ይበልጥ የምጠነቀቀው፤ እዚህ ሲመዘግቡብህ እንኳ ፈገግ እያሉ ነው» አሉት ጋሼ።

ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ በፈቃደኝነት የተባለውን ስንፈጽም ከረምን። የአትክልት ቦታ ቢኖር ይመከራል ይላል፤ ካለን ጥቂት ፓርኪንግ ላይ ቆርሰን ቲማቲም ተከልን። የወላጆች ስሜት ቢጠና ይመከራል ይላል፤ አጠናን። «በትምህርት ቤቱ አቀባበል ምን ተሰማዎት?» ለሚለው ወላጅ ሁሉ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ መለሰ። ሰንጠረዥ ውስጥ ለማስገባት የአይቲው ሰው ብዙ ተቸገረ።

የባሰው ውሻው ነው። ትምህርት ቤቱ ልጆችን የሚያረጋጋ እንስሳ ማቅረብን ሊያስብበት ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር ተገኘ። ጋሼ ደጋግመው አነበቡትና «‹ሊያስብበት ይችላል› ነው ያሉት። ከዚህ በላይ እንዴት አድርገው ያስፈራሩን?» አሉ። ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ ጥጃ የሚያህል ቢጫ ውሻ መጣ። ምግብ የሚያቀርቡት እናት ውሻ ካለፈበት አላልፍም ብለው በጓሮ በር መግባት ጀመሩ። ጋሼ ራሳቸው ለካ ከልጅነታቸው ውሻ ይፈራሉ፤ አንድ ቀን ሊያሸታቸው ቢጠጋ ከእሳቸው ዕድሜ በማይጠበቅ ፍጥነት የአንደኛ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ልጆቹን እንዲያረጋጋ የመጣ ውሻ ሊቀ መንበሩን ማረጋጋት አቃተው። ልጆቹ ግን እንደዚያ ቀን ስቀው አያውቁም።

የግዴታው ክፍል ብዙውን እኛ ሳንነካው የተሟላ ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቀረ፦ ቦርዱ በየዓመቱ ዳይሬክተሩን ይገምግም፤ ጠንካራ ጎኑንና ድክመቱን ጽፎ ያቅርብ ይላል። «ግዴታ ነው አይደል? ይደርሳል» ተባለ። እውነቱን ለመናገር ይደርሳል ያልነው በሌላም ምክንያት ነው። የእትዬን ድክመት ማን አፍ አውጥቶ ይናገራል?

የእድሳቱ ጊዜ ደረሰና የቢሮው ተቆጣጣሪ መጣ። ቀጭን፣ ትሑት፣ የብስክሌት ቆቡን በብብቱ የያዘ ጎልማሳ ነው። ቲማቲሙን አየ። ጥናቱን አየ። ውሻውን አይቶ ቆመ። «በፈቃደኝነት ያልነውን በሙሉ የፈጸመ ትምህርት ቤት አይቼ አላውቅም» አለ። «እውነት ለመናገር፣ ይፈጸማል ብለን አይደለም የጻፍነው።» ጋሼ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝና በአማርኛ «አየሽ? ሲመዘግብ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ሰውየው የዳይሬክተሯን ግምገማ ጠየቀ። የለንም አልነው። ሰውየውም ከልቡ እያዘነ፣ ይህ ከሌለ እድሳቱን ለበላዮቼ ማቅረብ አልችልም አለን።

አንድ ዓመት ሙሉ ውሻ ስናስተናግድ በሩ ሊዘጋብን ነው።

በዚያው ሳምንት ቦርዱ አንደኛ ክፍል ውስጥ ተሰበሰበ። ሌላ ወንበር ስለሌለ ሁላችንም በሕፃናት ወንበር ላይ ጉልበታችን አገጫችን ድረስ መጥቶ ነው የተቀመጥነው። እትዬ ሻይ ይቀዱልናል። አጀንዳው የእትዬ ድክመት ነው።

ጋሼ «ሥራ ያበዛሉ» በሚለው ከፈቱ። አንዲት የቦርድ አባል «ጾም ያጠብቃሉ» አለች። ሌላው «ለራሳቸው አያስቡም» አለ። የአይቲው ሰው እየጻፈ በኢሜይል ላከው፤ ተቆጣጣሪው ወዲያው መለሰ። የላካችሁልኝ ምስጋና ነው፣ እባካችሁ ድክመት ላኩልኝ ይላል። አንዱ ራሱን አከከና «አንዳንድ ጊዜ ምርቃታቸው ይረዝማል» አለ። «ነውር ነው!» ብለን አስቆምነው።

እትዬ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጡ። «ልጆቼ፣ ለምን ትጨነቃላችሁ? እኔ ቢሮዬ አልቀመጥም። ስልክ አላነሳም። ኢሜይል የምመልሰው ሳምንት ቆይቼ ነው። ጠዋቱን ኮሪደር ላይ ነው የማሳልፈው። እሱን ጻፉ» አሉ።

«ኧረ እትዬ! እንዴት እንዲህ ይላሉ! ማን ነው በእርስዎ ላይ እንዲህ የሚል!» ብለን ተነሣንባቸው። ስለ ክብራቸው ከራሳቸው ጋር ተከራከርን። ሲቆጡ ነው ወደ ድምፅ መስጠት የገባነው። እንደ ድክመት ያስቆጠሩት ልጄ የምትናገርበትን ያንኑ ነገር ነበር። ግን በሩ እንዳይዘጋ ሌላ መንገድ አልነበረም፤ እጄን አውጥቼ ደገፍኩ።

ፈቃዱ ታደሰ። ተቃቅፈን ተሳሳምን። ከእድሳቱ ደብዳቤ ግርጌ ግን አንድ ነገር ታክሎበታል። ዳይሬክተሯ ጠዋት ቢሯቸው መቀመጥን ሊያስቡበት ይችላሉ፤ ይህ በጎ ምክር እንጂ ግዴታ አይደለም። ጋሼ ይህን ሲያነቡ ፊታቸው አመድ መሰለ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ከቤታቸው ታጣፊ ወንበር ይዘው መጡና የእትዬ ቢሮ ደጃፍ ላይ ተቀመጡ። «እትዬ፣ ስለ ማርያም ይግቡልኝ» አሏቸው። እትዬ ሽማግሌ የሚያሳፍሩ ሰው አይደሉም፤ ገቡ። ጋሼ በሩን ከውጭ ዘጉት። እትዬ ማታ ወደ ቤታቸው እስኪሄዱም ውሻው እንዳይመጣባቸው በዓይናቸው እየጠበቁ እዚያው ዋሉ።

ኮሪደሩ ላይ ኮቶቹ ሁሉ በየቦታቸው ተሰቅለዋል። ልጄ አንድ በአንድ አየቻቸው። አንድም ስሕተት የለም። ስለዚህ የምትናገረው ነገር አልነበራትም። እንዲህ ሆኖ ሰነበተ። ከዚያ በመኪና ውስጥ ዝም አለች፤ ከዚያ ራት ላይ፤ ከዚያ እንደ ድሮው በጆሮዬ ሹክ ማለት ጀመረች። አንድ ምሽት ሹክታዋም ቀርቶ ራሷን ብቻ ነቀነቀችልኝ።

ጋሼን ደጃፉ ላይ ሄጄ ያዝኳቸው። «ጋሼ፣ ምክር ነው ይላል እኮ! ግዴታ አይደለም ብለው በግልጽ ጽፈዋል!»

«ለዚሁ አይደል የምፈራው፣ ልጄ።»

«ልጄ መናገር አቆመች!»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ ይቀለኝ ነበር። «አውቃለሁ። አያታለሁ እኮ በየጠዋቱ» አሉኝ። «ግን ይህን ምክር ንቀው ቀሩ ብለው በሩን ቢዘጉት፣ ያኔ ያንቺም ልጅ የሌላውም ልጅ ይበተናል። ለአንዷ ብዬ የሁሉን በር ላዘጋ?» ተናደድኩባቸው። በጣም ተናደድኩባቸው፤ ሰላም ሳልላቸው ሄድኩ። የምሠራው ከፖቶማክ ወንዝ ማዶ አሌክሳንድሪያ፣ የጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ መቀበያ ነው። ያን ቀን ፖቶማክን በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ትራፊኩ ቆሞ፣ መሪውን በቡጢ እየመታሁ ሳለ ነው ነገሩ የበራልኝ። ሥራ ቦታ ደውዬ አሞኛል አልኩና በቀጣዩ መውጫ ተመለስኩ። ቀጥታ ወደ ካውንቲው ቢሮ ነዳሁ።

ተቆጣጣሪው ወንበር ሰጠኝ። «እባክዎ ያን ምክር ግዴታ ያድርጉብን» አልኩት።

አልገባውም። «ምክሩ ከብዷችሁ ከሆነ ልሰርዘው እችላለሁ» አለኝ። አሰብኩበት። ጋሼ መሰረዙን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ይታወቃል፤ «ሰረዙት? ሳንጠይቃቸው? እንግዲህ እየጠበቁን ነው» ብለው ሁለተኛ ወንበር ይጨምራሉ። «አይሰርዙት። ግዴታ ያድርጉት» አልኩ።

«ይህን የጠየቀኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም» አለ። «ማድረጉንስ እችላለሁ። የኛ ቢሮ ትምህርት ቤቶችን የሚቆጣጠርበት መመሪያ ራሱ በፈቃደኝነት የምንከተለው ነው። ግዴታ ይሁን ወይስ እንዳለ ይቅር እያሉ የበላዮቻችን ገና ይከራከራሉ። እስኪወስኑ ድረስ እንደመሰለን እንሠራለን።» ይህን ሲለኝ እየሳቀ ነው። ሳላስበው አዘንኩለት፤ አንድ ቀን «ለምን ፈቃደኛ አልሆንክም?» የሚለው ይመጣበታል ብዬ ፈራሁለት።

ለምን እንደፈለግሁት ጠየቀኝ። ግዴታ ከሆነ አንፈጽመውም ብዬ እንዴት ልንገረው? «ለልጆቹ ይሻላል» አልኩት፤ ይህም እውነት ነው። ፊቱ በራ። ተጠያቂ አድርጉን ብሎ የመጣ ቦርድ አይቼ አላውቅም አለኝ። የተቆጣጣሪዎች ስብሰባ ላይ እንደ ምሳሌ ሊያነሳን ይችል እንደሆነም ለመነኝ። ስማችንን ካልጠሩ ይሁን አልኩት።

ደብዳቤው መጣ። ዳይሬክተሯ ጠዋት ቢሯቸው እንዲቀመጡ ቦርዱ የማድረግ ግዴታ አለበት፤ አፈጻጸሙ በሚመጣው ዓመት ይታያል። ጋሼ ታጣፊ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ አነበቡት። ትከሻቸው ሲወርድ አየሁ። «ግዴታ ነው እንዴ?» አሉ። «እኔ ደግሞ ምን መሰለኝ!»

«የሚመጣው ዓመት ነው የሚያዩት፣ ጋሼ» አልኩ።

«እሱማ ይደርሳል!» ወንበራቸውን አጥፈው በብብታቸው ያዙና ወደ ቤታቸው ሄዱ። የአይቲው ሰው ደብዳቤውን ተቀብሎ አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ ጋሼን ከኋላ አየ፣ ከዚያ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ።

እትዬ በማግስቱ ኮሪደሩ ላይ ነበሩ። የአንድ ወንድ ልጅ ኮት አንስተው በልጄ ስም ሥር ሰቀሉ። ልጄ አየች፤ ምንም አላለች። በማግስቱም ምንም አላለች። እኔ በመስታወቱ በር እያየሁ ሥራ እያረፈድኩ ነው። የተቆጣሁት ቁጣ፣ የዋሸሁት ውሸት ሁሉ ከንቱ የቀረ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ አንድ ዝናባም ከሰዓት ከትምህርት ቤት ይዣት በጆርጂያ ጎዳና እየነዳሁ ነበር። ጋሼ ደወሉ። ቲማቲሙ በረዶ ሳይመታው ይለቀም ወይስ ይቆይ ነው ጥያቄያቸው። ዝናቡ ይጮሃል፣ የጋሼ ድምፅ ይቆራረጣል፣ አንድ አውቶቡስ ከፊቴ ገባብኝ። ከኋላ ወንበር ደግሞ የማያባራ ነገር ይሰማል። የማን ኮት የማን እንዳልሆነ፣ እትዬ ዛሬም እንደተሳሳቱ፣ ስንት ጊዜ ቢነገራቸው እንደማይገባቸው፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ በአማርኛ። «አንቺ ልጅ!» ብዬ ዞርኩ፤ በእናቴ ድምፅ። «እስኪ ዝም በይ!»

ዝም አለች።

ያልኩት የገባኝ ያኔ ነው። ጋሼ «ሄሎ? ሄሎ?» ይላሉ። በመስታወቱ አየኋት፤ አፏ ገጥሟል። ይህን ሁሉ ተሯሩጬ በገዛ አፌ ዘጋሁት አልኩ። መኪናውን ዳር አስያዝኩ።

«ኖ» አለች ልጄ። «ገና አልጨረስኩም።»

ደህና ይዋሉ እንኳ ሳልል ስልኩን በጋሼ ጆሮ ላይ ዘጋሁት። «ቀጥይ» አልኳት።